ዘጠነኛዋ ልጅ

አንቲ የዚያን ዕለት በራችንን ያንኳኩት ባዶ እጃቸውን ነበር። አስደነገጡኝ። ሌላ ጊዜ ሲመጡ ወይ ሳህን ይዘው ነው፣ ወይ ልጄ እሳቸው ቤት ረስታው የመጣችውን ሹራብ። ባዶ እጁን የመጣ ጎረቤት ጉዳይ አለው። ልጅ መጠበቁ በቃኝ ሊሉኝ ነው አልኩ፣ ገና "ይግቡ" ሳልላቸው።

ካናዳ፣ ስካርቦሮ ነበር የምንኖረው፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ። አንቲ ከደልሂ የመጡ፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ ባልቴት ናቸው። የፎቁ ልጆች ሁሉ አንቲ ስለሚሏቸው እኔም አንቲ አልኳቸው። እኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ልጃችን ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትገባው እሳቸው ጋ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እኛ ግን አማርጠን አልነበረም፤ የሩቅ ዘመዶቻችን ደሴ ናቸው፣ ከቅርብ ያሉን አንቲ ብቻ። እሳቸው ከተቀየሙኝ በማግስቱ ሥራ የለኝም። በዚያ ላይ እወዳቸው ነበር፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን አከበደው።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና "ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት" አሉኝ በእንግሊዝኛቸው። "ልጅሽን ለቅዳሜ ስጪኝ።"

እፎይ አልኩ። እሳቸው ዘንድ መዋል ለልጄ አዲስ ነገር አይደለም። "ለቅዳሜ ብቻ?" ብዬም ሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። የእመቤታቸው በዓል ነው፤ ለዘጠኝ ቀን ይጾማሉ፣ ያከብራሉ። እመቤቲቱን አውቃታለሁ፤ ሳሎናቸው ውስጥ ትልቅ ሥዕሏ ተሰቅሏል። አንበሳ ላይ ተቀምጣ፣ በብዙ እጆቿ ሰይፍና ቀስት ይዛ፣ ፊቷ ግን ከሠርግ እንደመጣች ሴት ደስ ያለው ነው። ልጄን ልወስድ ስሄድ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነው የምቆመው። የበዓሉ ማሳረጊያ ላይ ትንንሽ ሴት ልጆች ቤት ይጠራሉ። እግራቸው ይታጠባል፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ ነጥብ ይደረጋል፣ እጃቸው ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፣ ይበላሉ፣ አምባርም ይሰጣቸዋል። ዘጠኝ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ደልሂ እያሉ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ከቤት ቤት እየሮጠች ሆዷ እስኪነፋ ትበላ ነበር አሉ። እዚህ ግን ሊፍት ውስጥ ሰው እየጠየቁ፣ ከሌላ ሕንጻ ሳይቀር እያስመጡ ስምንት አገኙ። ዘጠነኛዋ ሰውነቷ ሽፍ ብሎባት ተኝታለች።

እኔ ያደግኩት ወሎ ነው። አክስቴ ክርስቲያን ነው ያገባችው፤ በበዓል የእስላሙ በግ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ በግ ለብቻ ይታረድና ሁሉም በየሥጋው ይቀመጣል። ጨዋታው ግን አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ካገሬ ይዤው የመጣሁት ነበር።

"ሥጋ አለው እንዴ አንቲ?"

"ሥጋ!" አሉ ደንግጠው። "ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ሽምብራ አለ፣ ዘይት ውስጥ የሚነፋ ቂጣ አለ፣ ሐልዋ አለ።"

ሐልዋማ ያገሬ ነው። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አፍታም አልቆየ፣ የባለቤቴ ፊት ድቅን አለብኝ። ባለቤቴ ደሴ እያለ ሰላቱን እንኳ በዘፈቀደ የሚሰግድ ሰው ነበር፤ ካናዳ ከገባን ወዲህ ግን ጁምዓን የማያጓድል፣ የአሳማ ስብ ይኖርበታል ብሎ የዳቦውን ሁሉ ልጣፍ የሚያነብ ሆኗል። ብርዱ ይሁን ብቸኝነቱ አላውቅም። ምን ብሎ እንደሚጠይቀኝ ስለማውቅ ቀድሜ ጠየቅኳቸው።

"ምግቡ መጀመሪያ ሥዕሏ ፊት ይቀርባል አይደል? ለሷ ከቀረበ በኋላ ነው ልጆቹ የሚበሉት?"

አንቲ የፈራሁት ገባቸው፤ አስተዋይ ሴት ናቸው። ጠጋ ብለው ጉልበቴን ያዙኝ። "አይዞሽ። የልጅሽን ከድስቱ በቀጥታ አወጣላታለሁ፣ ሥዕሏ ፊት አላስቀምጠውም።" ከዚያ ጭንቀቴን ጨርሰው ሊያስወግዱልኝ ፈልገው ጨመሩበት። "ለነገሩ ማስቀመጡም አያስፈልግም። የዚያን ቀን እመቤቲቱ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ልጅሽ ራሷ እሷ ናት። ስትበላ የበላችው እሷ ናት። እግሯን ካጠብን በኋላም እንሰግድላታለን።"

ከድጡ ወደ ማጡ። ምግቡ ለጣዖት ቀርቦ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ለካ ጣዖቷ የኔ ልጅ ናት! አንቲ ግን ትልቅ ሸክም እንዳነሱልኝ ፊታቸው በርቶ ያዩኛል። እንቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ባለቤቴን ልጠይቀው" የሚል ነበር፤ እንቢ ማለት የማይችሉ ሴቶች ሁሉ የሚሉት።

ባለቤቴ ሰምቶ ሲጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ይሄ እኮ ሺርክ ነው" አለ። "ከአላህ ጋር ሌላ ማጋራት ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ?"

"እኔስ መቼ ጠፋኝ? ታዲያ እንቢ ልበላቸው?"

እሱም እንደኔ ማሰብ ጀመረ። "ቢቀየሙስ? ማን ይይዝልናል? ቤቢሲተር አፎርድ አናደርግም። አንቺም ሽፍት ቼንጅ አድርጉልኝ ብትያቸው አይሰሙሽም።" ከዚያ ፍርዱን ሰጠ። "ትሂድ። ትብላ፣ ክርም ይሰሩላት። ሊሰግዱላት ሲሉ ግን ይዘሻት ውጪ።"

"ሊሰግዱ ሲሉ በምን አውቃለሁ?"

"ጎንበስ ሲሉ ነዋ!"

"እግር ለማጠብም እኮ ጎንበስ ይባላል።"

"እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" አለና ማንኪያውን አነሳ። ባለቤቴ ነገር ሲከብደው እንዲህ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ትልልቁን ነገር ሁሉ እኔ ነኝ የማውቀው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሥራ ቦታ አንሶላውን በግልባጩ እያጠፍኩ ተቆጡኝ። በልቤ ደጋግሜ ተለማመድኩ። አንቲ እግሯን አጥበው፣ አድርቀው፣ ቀና ሲሉ፣ ልክ እንደገና ሊጎነበሱ ሲሉ "ሽንት ቤት ፈልጋለች" ብዬ ብድግ አደርጋታለሁ። ከዚያ ደግሞ የአንቲ ፊት ይታየኛል። ዘጠኝ ቀን የጾሙ ሴት ናቸው፤ መጨረሻው ላይ ዘጠነኛዋን ነጥቄያቸው ስወጣ። ወደ አላህ ስጠጋ እሳቸውን አጣለሁ፣ እሳቸውን ስይዝ ጀሀነም ይታየኛል። በዱዓዬ ሁሉ "ያ አላህ፣ ማንም ልጄ እግር ላይ እንዳይደፋ" እያልኩ ነበር የምለምነው።

ዓርብ ዕረፍቴ ነበር። ማታ ግን ልጄን ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ እግሯን ማሸት ያዝኩ። ተረከዟን በድንጋይ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ጥፍሯን ቆረጥኩ። ከገንዳው ስትወጣ ደግሞ ቫዝሊን ቀባኋት፣ እስኪያብለጨልጭ።

"ማሚ፣ ኢናፍ!" አለችኝ እግሯን እየሰበሰበች።

"ዝም በይ፣ ደርቋል።"

"አምባር ይሰጡኛል፣ ራይት?"

"አዎ፣ ይሰጡሻል።"

እንዲሰገድላት ካልፈለግኩ ያን ሁሉ ለምን እንዳሸኋት ባለቤቴ ቢጠይቀኝ ጉዴ ነበር። ደግነቱ ሥራ ላይ ነበር።

ጭንቀቴ ሃይማኖት ብቻም አልነበረም። ያን ጊዜ "ከኢትዮጵያ ነኝ" ማለት ራሱ ጣጣ ነበር። ቴሌቪዥኑ በከፈቱት ቁጥር የኔን ወሎ ነው የሚያሳየው፤ አጥንታቸው የወጣ ሕጻናት፣ ዝንብ የሚወራቸው። እኔ ዘመድ አይ ይሆን ብዬ ፊት ፊታቸውን እያየሁ አለቅሳለሁ። ሥራ ቦታ ያሉት ደግሞ ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወደኔ ይገፋሉ። እኔ ያን ጊዜ ወፍራም ነበርኩ፣ ቀሚሴ ወገቡ ላይ አልዘጋ ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ ነበር የማያይዘው። ቢሆንም ይገፉልኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። እና ልጄን ሰው ቤት ልትበላ ስወስዳት፣ ከሌሎቹ ጋር አብራ የምትበላ ልጅ ሆና ትታይ ይሆን ወይስ እንደዚያ ቴሌቪዥን ልጅ የሚለው ሌላው ስጋቴ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ሆድ ይፍጀው።

ቅዳሜ ጠዋት የአንቲ ቤት በቅቤና በስኳር ሽታ ታፍኗል። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ መሬቱ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል። የእንግዶቹ ጫማ በሩ ሥር ተከምሯል። ልጆቹ በሙሉ ቀይና ወርቅማ ለብሰው፣ እንደ ሚዜ ተኳኩለዋል። የኔዋ የትምህርት ቤት ፎቶ የተነሳችበትን ሰማያዊ ቀሚስ ነው የለበሰችው። አንቲ አይተዋት "መጣችልኝ!" አሉና ቀይ የአንገት ልብስ አምጥተው ራሷ ላይ ጣል አደረጉላት። ከልጆቹ መሀል፣ ከአንዲት አብራት ከምትማር ልጅ ጎን አስቀመጧት። ሁለቱ ወዲያው መሳሳቅ ጀመሩ። እኔ ካፖርቴን እንዳቀፍኩ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ለመውጣት ይመቸኛል ብዬ ነው።

ከዚያ የአንቲ ወንድም ሚስት ከማዕድ ቤት ወጣች። ከሌላ ከተማ ለበዓሉ የመጣች ናት። ዕድሜዋ አንቱ የሚያሰኝ ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንቺ እላታለሁ። በጣቷ ልጆቹን እየቆጠረች መጣችና የኔዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አንቲን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። አንቲ ሲመልሱ የአገሬን ስም ሰማሁ። ሴትየዋ ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ፤ የዚያን ቀን ገባኝ።

ወደኔ መጥታ ክንዴን ያዝ አደረገች። በእንግሊዝኛ ነው ያናገረችኝ፣ ረጋ ብላ፣ በሰው ሐዘን እንደመጣ ሰው። "በቴሌቪዥን አይተናል። በጣም አሳዛኝ ነው። ልጅቷ እስክትጠግብ ትብላ፤ ለቤትም እቋጥርላችኋለሁ።"

ምን ልበል? "እናመሰግናለን" አልኩ እኮ! ሴትየዋ ተመልሳ ልጄን በትከሻዋ ይዛ አስነሳቻትና ከመሀል አውጥታ ከረድፉ ጫፍ፣ ከጫማው ክምር አጠገብ አስቀመጠቻት። በስፍራዋ ከመጨረሻ ያለችውን አንዲት ወርቅማ ለባሽ አስገባች። ልጄን "እዚህ ደግሞ ሰፋ ብለሽ ትበያለሽ" አለቻት። ልጄ ጓደኛዋን ዞራ አየች፣ ከዚያ እኔን። መሳቋን ትታለች።

ደሜ ፈላ። ለካ የፈራሁት ሁሉ አንድ ላይ ነው የመጣው። ሌሎቹ እንደ እመቤት ሊበሉ፣ የኔዋ እንደ ለማኝ ልትበላ ነው። ስምንቱ ይሰገድላቸዋል፣ እሷ ይቋጠርላታል። ባለቤቴ ይዘሻት ውጪ ያለኝ ሌላ ነገር ፈርቶ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ምክንያት ሆነልኝ። ሄድኩና እጇን ልይዝ ጎንበስ አልኩ።

አንቲ በውኃ የተሞላ ሳህን ይዘው ከማዕድ ቤት የወጡት ያን ጊዜ ነው። ቆሙ። መሀል ላይ ያለችውን ወርቅማ ለባሽ አዩ፣ ጫፍ ላይ ያለችውን ልጄን አዩ፣ እኔን ከነካፖርቴ አዩኝ። የወንድማቸው ሚስት የረድፉን መጀመሪያ እያመለከተች ቦታ ልታሳያቸው እጇን ዘረጋች። አንቲ ልብ አላሏትም። አልፈዋት መጡ፤ እየተንገዳገዱ፣ ውኃው ቀሚሳቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደኛ፣ ወደ ጫማው ክምር። ሳህኑን ልጄ እግር ሥር አስቀመጡና ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ተንበረከኩ።

"መጀመሪያው እዚህ ነው" አሉ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ልጄ ብድግ አለች። ትልቅ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ ልጅ ተደላድሎ አይቀመጥም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "ኖ ኖ፣ አንቲ፣ ይነሱ" እያለች ትከሻቸውን ትጎትታለች። አንቲ ሳቁና መልሰው አስቀመጧት። "ዛሬ አይደለም። ዛሬ አንቺ ትቀመጫለሽ።" እግሯን ሳህኑ ውስጥ አደረጉት፣ አጠቡት፣ በነጭ ፎጣ አደረቁት። ከዚያ ቀና አሉ።

የተለማመድኩት ቅጽበት ይሄ ነበር። "ሽንት ቤት ፈልጋለች" የሚለው አፌ ላይ ነበር። እጄ እጇን ሊይዝ እንደተዘረጋ ነው። አንቲ ጎንበስ አሉ፤ ሽበታቸው የልጄ ጣቶች ላይ ወረደ፣ ግንባራቸው እግሯን ነካ። እዚያው ትንሽ ቆዩ። እኔ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም። አላህን ፈርቻለሁ፣ እጄን ግን ሰበሰብኩት።

አንቲ ተነስተው ሳህናቸውን ወደ ሁለተኛዋ ልጅ ገፉት። ቀጥሎ የወንድማቸው ሚስት ነበረች። ቀዩን ዱቄትና ክሩን በሰሃን ይዛ ከኋላቸው እየተከተለች፣ ነጥብ አድርጋ፣ ክር አስራ፣ እሷም በተራዋ እግር መሳለም አለባት፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። ልጄ ፊት መጥታ ቆመች።

ሴትየዋ ነጥቡን በጣቷ ጫፍ አደረገች። ክሩን አሰረች። ከዚያ ቆመች። ወደ ሁለተኛዋ ልጅ ዞር አለች፣ ወደ አንቲ ጀርባ አየች፣ እንደገና ወደ ልጄ። ልታልፋት ነው አልኩ። ልታልፋት ነው፣ ልጄም ይገባታል፤ የስድስት ዓመት ልጅ የማይገባት ነገር የለም። ጥርሴን ነከስኩ። ጎንበስ በይ፣ አልኩ በልቤ። ጎንበስ በይ አንቺ ሴት! ሳምንቱን ሙሉ ማንም እንዳይደፋ ስለምን የሰነበትኩት እኔ፣ በዚያው ምላሴ "ያ አላህ፣ ድፋት" እያልኩ እለምን ጀመር።

ልጄ ደግሞ ትምህርት የሚገባት ልጅ ናት። ዛሬ አንቺ ትቀመጫለሽ ተብላለች፤ ተቀመጠች። ሴትየዋ ስትዘገይባት እንድትፈጥን ብላ ይሁን፣ እግሯን ወደፊት ዘረጋችላት።

ሴትየዋ ሰሃኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። በሁለት እጇ የልብሷን ጫፍ ሰበሰበች፣ ተንበረከከች፣ ጎንበስ አለች። የልጄን እግር በሁለት እጇ ነካችና እጆቿን ግንባሯ ላይ አደረገች።

"አልሐምዱሊላህ!" አልኩ።

በልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ነው ጮክ ብዬ እንዳልኩት ያወቅኩት። አንቲ ከሁለተኛዋ ልጅ ሥር፣ እጃቸው ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ ቀና ብለው "ምን አልሽ ልጄ?" አሉኝ።

ማንን ስለ ምን እንዳመሰገንኩ የገባኝ እሳቸው ሲጠይቁኝ ነው። ካፖርቴን እንዳቀፍኩ ጫማዎቹ መሀል ቁጭ አልኩ።